ዊሊያም ሃርሊ እና የማይታየው ካቴና

በሪያድ ከተማ የቀኑ ሙቀት ጋብ ብሎ ምሽቱ ሲገባ በንጉሥ ፋህድ ጎዳናና በዑለያ አካባቢ ሁለት ዓይነት ሞተር ሳይክሎች ይታያሉ። አንደኛው ከኋላው የምግብ ሣጥን የተጫነበት፣ ለአሽከርካሪው የዕለት እንጀራ የሆነ ትንሽ ሞተር ነው። ሁለተኛው ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ በዕረፍት ቀን ለመንሸራሸር የሚወጣ ባለ ትልቅ ጉልበት ሞተር ነው። የከተማው ሰው ሁለቱንም ደባብ ብሎ ይጠራቸዋል። በመልክም በዋጋም የማይገናኙት እነዚህ ሁለቱ አንድ የጋራ ጉዳይ አላቸው፤ በሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል በመንገድ ሳይባክን ጎማው ዘንድ መድረስ አለበት። ኃይሉን የሚያሻግረው ካቴና ከላላ ይንገጫገጫል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታ ይበላል።

በትልቁ ሞተር ላይ ይህ ሥራ ለሁለት ተከፍሏል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው መስመር ማንም ሊያየው የሚችል ሲሆን፣ በብዙዎቹ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ በቺንጋ ተተክቷል። ሌላው ግን አይታይም። በግራ በኩል ካለው ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ፣ በዘይት እየረጠበ፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርስ ውስጠኛ ካቴና ነው። የዚህን ካቴና ልክ መፈተሽና ማስተካከል የሚያውቅ መካኒክ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ሞተር ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ስም የተጻፈበት ነው። ያ ሰው ዊሊያም ሲልቬስተር ሃርሊ ነው።

ሃርሊ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 29 ቀን 1880 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ ነው። ወላጆቹ በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅሺር ውስጥ ከምትገኝ ሊትልፖርት ከምትባል ትንሽ ከተማ የተሰደዱ ነበሩ። በዚያው በ1880 ሃንስ ሬኖልድ የተባለ፣ በማንቸስተር ይሠራ የነበረ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ በየመጋጠሚያው ተንከባላይ ቀለበት ያለበትን ካቴና ፈጠረ። ከዚያ በፊት የነበረው ካቴና በቀጭን ፒን ላይ ብቻ ይፋተግ ስለነበር ቶሎ ይበላ፣ ቶሎም ይረዝም ነበር። የሬኖልድ ካቴና ግን ጭነቱን ሰፋ ባለ ገጽ ላይ አሳረፈው፤ ከብስክሌት እስከ ፋብሪካ ማሽንም ተሠራጨ። ልጁና ካቴናው በአንድ ዓመት መወለዳቸው አጋጣሚ ነው። ሁለቱ በአንድ ሥራ ላይ እስኪገናኙ ግን ከ30 ዓመት በላይ አልፏል።

ሃርሊ በ15 ዓመቱ በሚልዋኪ በሚገኝ የብስክሌት ፋብሪካ ተቀጠረ። ከዚያም ወደ ንድፍ ሥራ ገባ። የልጅነት ጓደኛው አርተር ዴቪድሰን፣ ቤተሰቡ ከስኮትላንድ የመጣ፣ ለብረት ማቅለጫ የሚሆን የእንጨት ቅርጽ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነበር። አንዱ በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ሌላው ወረቀቱን ወደ ቅርጽ ይለውጠዋል። ሁለቱም ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበር። በቀላሉ ብስክሌት ላይ የሚገጠም ሞተር ለመሥራት የተነሡትም በዚህ የወጣትነት ጊዜያቸው ነው።

በ1901 ሃርሊ በ20 ዓመቱ የአንድ ትንሽ ሞተር ንድፍ አዘጋጀ። የሞተሩ መጠን 116 ሲሲ ያህል ነበር፤ ዛሬ በሪያድ መንገድ ምግብ ከሚያደርሱት ሞተሮች ከብዙዎቹ ጋር የሚቀራረብ መጠን መሆኑ ነው። ሁለቱ ወጣቶች በትርፍ ሰዓታቸው፣ የወዳጆቻቸውን መሣሪያ እየተዋሱ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራውን ጨረሱ። ውጤቱ ግን የጠበቁትን ያህል አልነበረም። ሞተሩ በሜዳ ላይ ይሄዳል፤ የሚልዋኪን ዳገቶች ግን አሽከርካሪው በፔዳል ካልረዳው መውጣት አልቻለም። ሰዎቹ ይህን እንደ ጥሩ ትምህርት ቆጥረው ወደ ጎን አስቀመጡትና አዲስ ጀመሩ።

አዲሱ ሞተር 405 ሲሲ ነበር። በውስጡ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ክብ ብቻ 13 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ይህን ክብደት የሚሸከም የብስክሌት አካል ስላልነበረ ሃርሊ ሞተሩን ከታች አቅፎ የሚይዝ፣ ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራ አካል አዘጋጀ። ሥራው የተከናወነው በዴቪድሰን ቤተሰብ ግቢ ጓሮ፣ በግምት 3 በ4 ሜትር ተኩል በሆነች የእንጨት ክፍል ውስጥ ነው። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1904 በሚልዋኪ በተካሄደ ውድድር ላይ በዚህ ሞተር የተወዳደረው ኤድዋርድ ሂልደብራንድ አራተኛ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በአደባባይ ታወቀ።

ሥራው ገና ዳዴ በሚልበት በዚያ ወቅት ሃርሊ ያደረገው ነገር ግን ከውድድሩ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ነው። በንድፍ የተሳካለት፣ ጓደኞቹም የሚፈልጉት ወጣት ሆኖ ሳለ የጎደለውን ያውቅ ነበር። ብረት በሙቀትና በጭነት ጊዜ እንዴት እንደሚሆን፣ አንድ ዘንግ ምን ያህል ኃይል እንደሚሸከም በሙከራ ብቻ እየገመቱ መቀጠል እንደማይቻል ተረድቷል። ስለዚህ ወደ ማዲሰን ሄዶ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ማጥናት ጀመረ። ለትምህርቱ የሚሆነውን ገንዘብ ያገኘው በተማሪዎች ማደሪያ ምግብ እያስተናገደ ነው። ከአገሩ ወጥቶ እየሠራ ለመማር የሞከረ ሰው ይህን የሕይወቱን ክፍል አሳንሶ አያየውም። የአርተር ወንድሞች ዋልተርና ዊሊያም ዴቪድሰንም ሥራውን ተቀላቀሉ። በ1906 የመጀመሪያው የፋብሪካ ሕንፃ ቆመ፤ በ1907 ደግሞ ኩባንያው በሕግ ተመዘገበ። ሃርሊ ዋና መሐንዲስና ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚህ ኃላፊነት ቆየ።

በእነዚያ ዓመታት ኃይልን ከሞተር ወደ ጎማ ያሻግር የነበረው ካቴና ሳይሆን የቆዳ ቺንጋ ነው። ቺንጋ ድምፅ የለውም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ዝናብ ሲነካው ግን ይንሸራተታል፤ ሲደርቅም ይሳሳባል። ኃይሉ አነስተኛ በሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ይህ ድክመት ይታለፋል። ችግሩ ጎልቶ የወጣው በ1909 ነው። በዚያ ዓመት ኩባንያው ሁለት ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ እንደ ቪ ፊደል የተገጠሙ፣ 7 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለገበያ አቀረበ። ኃይሉ ከቀድሞው እጥፍ ያህል ነበር። ነገር ግን ቺንጋውን በበቂ ሁኔታ የሚወጥር መሣሪያ አልተደረገለትም። ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ቺንጋው ተንሸራተተ። አየርና ነዳጅ የሚያስገባው ቫልቭም በራሱ በአየር መሳብ ብቻ የሚከፈት ስለነበር አላገዘውም። ጥቂቶች ብቻ ተሠርተው በቀጣዩ ዓመት ከገበያ ወጣ።

ስለ ሃርሊ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ነገሩ ግን የሙያ ሕይወቱ ማጠፊያ ይመስላል። ዳገቱ ላይ የተሸነፈው የመጀመሪያው ሞተር ኃይል አንሶት ነበር፤ የ1909ኙ ግን ኃይል ሳይጎድለው፣ ኃይሉን የሚይዝለት ውጥረት አጥቶ ወደቀ። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሞተር በ1911 ሲመለስ ቫልቮቹ በሜካኒካዊ መንገድ የሚከፈቱ፣ ቺንጋውም መወጠሪያ ያለው ሆኖ ነበር። ያ የቪ ቅርጽ፣ ከነ45 ዲግሪው፣ ከዚያ በኋላ የኩባንያው መለያ ሆኖ ቀረ።

በ1912 ካቴናና ፍሪሲዮን መጡ። በ1915 ደግሞ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ተጨመረ። በሞተሩና በጎማው መካከል ካምቢዮ ሲገባ ኃይሉ በሁለት ደረጃ መሄድ ግድ ሆነበት፤ መጀመሪያ ከሞተሩ ዘንግ ወደ ፍሪሲዮኑ፣ ቀጥሎም ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ። ውስጠኛው ካቴና ቦታውን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። አጭር ነው፤ ግን በሞተሩ ፍጥነት ስለሚዞር ከኋለኛው ይልቅ ይሮጣል፤ እያንዳንዱን የፒስተን ምት በቀጥታ የሚቀበለውም እርሱ ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ ቤት ውስጥ ያልተሠሩ፣ ለየብቻ በአካሉ ላይ የታሰሩ በመሆናቸው በሃርሊ ዘመን የውስጠኛውን ካቴና ልክ ማስተካከል ትልቅ ሥራ ነበር። በ1936 የወጣውና በዘመኑ የሃርሊ ቡድን ትልቅ ሥራ የሆነው 1000 ሲሲ ሞተርም ከዚህ ነፃ አልነበረም። ካቴናው ሲላላ መካኒኩ ካምቢዮውን የያዙትን ዳዶዎች አላልቶ፣ በማስተካከያ ቡሎን ካምቢዮውን ራሱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ካምቢዮው ሲንቀሳቀስ ግን ብቻውን አይንቀሳቀስም። የማርሹ ዘንግ ልኩን ይስታል፤ የፍሪሲዮኑ ክፍተት ይለወጣል፤ የኋላው ካቴናም ይላላል። አንዱን ያስተካከለ ሰው ሁሉንም በተራ ማየት ነበረበት። ይህን ትቶ የወጣ መካኒክ ደንበኛውን በማግስቱ መልሶ ያየዋል።

ዛሬ በሪያድ ጋራዦች ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሞተሮች ስለሚበዙ አሠራሩ ቀሏል። መካኒኮች የሚናገሩበት ቃል ግን ተቀላቅሏል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ከጣሊያን ዘመን የወረሳቸውን ካቴና፣ ፍሪሲዮንና ቺንጋ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ሲደርስ ካቴናው ጀንዚር፣ ቺንጋውም ሴር ይሆንበታል። ብረቱ ያው ነው። መወጠሪያው በእጅ የሚስተካከል ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሳይታሰብ እንዳይነሣም የባትሪው መስመር ይለያል። ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ በግራ ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ መመልከቻ ትከፈታለች። በሁለቱ ጥርሳም ክቦች መካከል፣ መሐል ቦታው ላይ፣ የካቴናው የላይኛው መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል፤ የሚንቀሳቀስበትም ርቀት በማስመሪያ ይለካል። አንድ ቦታ ለክቶ መተው አይበቃም። ካቴና ሲያረጅ እኩል አይረዝምም፤ ስለዚህ ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ማርሽ ገብቶ፣ የኋላ ጎማው በእጅ እየዞረ በተለያየ ቦታ ይለካል። ሚዛኑ የሚወሰደው ካቴናው ከሁሉ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው በላላው በኩል አጥብቆ የጠበቀውን በኩል ያንቀዋል።

በእጅ የሚስተካከል መወጠሪያ ባላቸው ባለ አራትና ባለ አምስት ማርሽ ትልልቅ ሃርሊዎች ላይ ልኩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ከ16 እስከ 22 ሚሊ ሜትር፣ ሲሞቅ ደግሞ ከ10 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ለሌሎች ሞዴሎች የየራሳቸው መጽሐፍ ያለው ቁጥር ይታያል። ሁለት ቁጥር የተሰጠበት ምክንያት ቀላል ነው። የሞተሩና የካቴናው ቤት ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ ሲሞቅ ከብረቱ ካቴና በላይ ይሰፋል፤ በዚህም ሁለቱ ዘንጎች እርስ በርስ ይራራቃሉ፣ ካቴናውም ይወጠራል። በቀዝቃዛው ሞተር ላይ ልክ መስሎት አጥብቆ የዘጋ ሰው ሞተሩ ሲሞቅ ካቴናውን እንደ ክራር ጅማት ገትሮታል ማለት ነው። ያ ውጥረት የሞተሩን ዘንግና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ጥገናውም ከካቴናው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በሪያድ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። መጽሐፉ ቀዝቃዛ የሚለው ከጥላ ሥር አድሮ የአካባቢውን ሙቀት የያዘ ሞተር ነው። በሐምሌ ቀትር፣ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ተነሥቶ ባያውቅም ቀዝቃዛ ሊባል አይችልም። እዚህ ልኩን የሚያይ ሰው በማለዳ፣ ከጣሪያ ሥር ቢያየው ቁጥሩ ያገለግለዋል። ልልነቱ ከልኩ ካለፈ ካቴናውን የሚጫነው ጫማ መሰል መወጠሪያ ዳዶው ይላላና ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋል፤ ዳዶው ከጠበቀ በኋላም ልኬቱ እንደገና ይወሰዳል። ሲጠብቅ የሚንሸራተት መወጠሪያ ብዙ ነውና ይህ ሁለተኛ ልኬት የሚዘለል አይደለም።

የኩባንያው ውጫዊ ታሪክ የሚታወቅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ከ20,000 በላይ ሞተር ሳይክሎችን ገዛ፤ በ1920 ፋብሪካው በዓመት ከ28,000 በላይ እያመረተ በ67 አገሮች የሚሸጥ፣ በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች ሆነ። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። በ1929 ወደ 21,000 የነበረው ሽያጭ በ1933 ወደ 3,703 ወረደ። ብዙ ተወዳዳሪዎች ሲዘጉ ኩባንያው ተረፈ፤ ሃርሊም በዚያ ጭንቅ ጊዜ አዲስ ሞተር መንደፉን አላቋረጠም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ90,000 በላይ የጦር ሞተሮች ከፋብሪካው ወጡ። ከነዚህ መካከል ለበረሃ ነዋሪ ልብ ቅርብ የሆነው ግን በቁጥር ትንሹ ነው። ጦርነቱ በሰሜን አፍሪካ አሸዋ ላይ ሲጋጋል የአሜሪካ ጦር በበረሃ የሚጸና ሞተር ሳይክል ጠየቀ። አሸዋና ዘይት የነካው የኋላ ካቴና አይስማሙም፤ አሸዋው በዘይቱ ላይ ተጣብቆ እንደ ሞረድ ብረቱን ይፈገፍገዋል። የሃርሊ መሐንዲሶች ከጀርመኑ ቢኤምደብሊው ሞተር አሠራር ተነሥተው፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተዘረጉ፣ ካቴና የሌለው፣ ኃይሉ በዘንግ የሚተላለፍ ኤክስኤ የተባለ ሞተር ሠሩ። ውጥረቱ የሚፈተሽ ካቴና በውስጡም በውጪውም አልነበረውም። በ1942 1,000 ያህል ተሠሩ። ጦሩ ግን ለዚያ ሥራ ጂፕን መረጠ፤ የበረሃው ጦርነትም አበቃ። ዕድሜውን በቺንጋና በካቴና ላይ ያሳለፈው መሐንዲስ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ያለ ካቴና የሚሄድ ሞተር ከእጁ መውጣቱ የሚገርም ነው። ካቴና የሁሉ ነገር መልስ አለመሆኑን ለመቀበል እንዳልከበደው ያሳያል።

ሃርሊ ከሥራ ውጭ ጸጥ ያለ ሰው እንደነበር ይነገራል። ዓሣ ያጠምድ፣ ያድን፣ ጎልፍ ይጫወት ነበር። የዱር እንስሳትን በእርሳስ መንደፍና ፎቶግራፍ ማንሣትም ይወድ ነበር፤ ሥራው ንድፍ ሆኖ ሳለ መዝናኛውም ንድፍ ነበር። አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ ልጁ ዊሊያም ጄ. ሃርሊም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በኩባንያው የምህንድስና ሥራ ውስጥ አገልግሏል። ከመሥራቾቹ መካከል ዊሊያም ዴቪድሰን በ1937፣ ዋልተር በ1942 አርፈዋል። ሃርሊ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1943 በ62 ዓመቱ በሚልዋኪ በልብ ሕመም ሞተ። ጦርነቱ አላለቀም ነበር፤ ፋብሪካውም በዚያ ቀን ለጦሩ ሞተር ያመርት ነበር። የልጅነት ጓደኛው አርተር ሰባት ዓመት ተርፎት ኖረ።

ካምቢዮውን እየገፉ ውስጠኛውን ካቴና መወጠር የቀረው ሃርሊ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በ1965 ትልልቆቹ ሞተሮች በአሉሚኒየም ክዳን ውስጥ የሚስተካከል መወጠሪያ አገኙ። በ2000ዎቹ ደግሞ በስፕሪንግ ራሱን የሚያስተካክል መወጠሪያ ተተካ፤ ከ2007 ወዲህ በተሠሩ ትልልቅ ሃርሊዎች ላይ በማስመሪያ የሚለካ ነገር ብዙም አልቀረም። በሪያድ ምግብ የሚያደርሱት ትናንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ በውስጣቸው በካቴና ፈንታ ጥርስ ለጥርስ የተጋጠመ ማርሽ አላቸው። የእነርሱ ካቴና የኋላው ብቻ ነው፤ ልልነቱም በብዙዎቹ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ትክክለኛው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በካቴናው መሸፈኛ ወይም በኋላ ሹካው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ከነፈሰ በኋላ ካቴናውን ጠርጎ ዘይት መቀባትና ልኩን ማየት ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅም።